ድምፅና ማደሪያው

ድምፅ ቶሎ የሚያልፍ ነገር ነው። ተናጋሪው አፉን ሳይከድን ቃሉ በአየር ላይ ተበትኖ ይጠፋል፤ ዘፋኙ ትንፋሹን ሳይመልስ ዜማው ካጠገቡ ይርቃል። የጥንት ሰዎች ይህን አላፊ ነገር ይዞ ለማስቀረት ብልሃት ባያገኙለትም፤ ጥቂት የሚያርፍበትና የሚጎላበት ማደሪያ ሠርተውለታል። ማሲንቆን ያበጀ ሰው የፈረስ ጭራ ብቻውን ተወጥሮ ቢገዘገዝ ድምፁ ከትንኝ ድምፅ እንደማይበልጥ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን ሠርቶ፤ ሣጥኑን በቆዳ ለብዶ፤ ጭራውን በዚያ ላይ አስደገፈው። የበገናም ዐሥር አውታሮች የሚናገሩት ከሥራቸው ባለው ሣጥን ነው። ከበሮም ቢሆን ውስጡ የተቦረቦረ እንጨት ባይኖረው ቆዳው ተራ ቆዳ ነበር። እንግዲህ ለድምፅ ቤት መሥራት ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም ማለት ነው።

እኛም ዛሬ ስለዚሁ ስለ ድምፅ ቤት ጥቂት ለመናገር ብዕር ያነሣነው፤ በቅርብ ጊዜ በመርሳ ከተማ በገዛ እጃችን ሁለት የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች ስለ ሠራንና በሥራውም ጊዜ ያየነው ነገር ለመምህራንና ለተማሪዎች ሊጠቅም ይችላል ብለን ስለ ገመትን ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከትንሽ ነገር ትልቅ ቁም ነገር የሚወጣበት ጊዜ መኖሩን አንባቢዎቻችን አይስቱትም።

መርሳ በሰሜን ወሎ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ ተቀምጣለች፤ ወልድያም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃታል። ከመርሳ ወደ ደቡብ የሄደ መንገደኛ ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ሲደርስ አምባሰል ገባ ማለት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ ቅኝቶች መካከል ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም መሆኑን ለአንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም። አምባሰልን ማሪቱ ለገሰ ስታዜመው የሰማ ሰው፤ ያ ዜማ ከየት ተራራ ሥር እንደ በቀለ ሳይነግሩት ያውቃል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ዜማን አጥርቶ ለመስማት ቢመኝ እንደ ቅንጦት ሊቆጠርበት አይገባም።

ዛሬ በየከተማው ሱቅ ሆም ቴአትር የሚባለው ዕቃ ይሸጣል። ሐሳቡ የሲኒማ ቤትን ድምፅ በመኖሪያ ቤት ለመስማት ነው። አምስት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች በፊትና በጎን በኩል ይደረደራሉ፤ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ አንድ ትልቅ ሣጥን ደግሞ ይጨመርላቸዋል። የፊልም ሠሪዎች ይህን የድምፅ አከፋፈል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአኃዝ እየቀረጹ በሲኒማ ቤት አሰሙት፤ ከዚያም ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ጥበቡ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚደርሰው ዕቃ ሣጥኑ ከስስ ፕላስቲክ የተሠራ፤ ፊቱ በሰማያዊና በቀይ መብራት ያጌጠ፤ በላዩም ላይ 1000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ነው። ወልድያ የቴክኒክ ትምህርት የሚማረው የእኅታችን ልጅ አንዱን እንዲህ ያለ ዕቃ አገላብጦ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ቢያነብ፤ ከመብራት የሚወስደው ኃይል 60 ዋት ብቻ ሆኖ አገኘው። ከ60 ዋት ቀለብ 1000 ዋት ሥራ ያለማቋረጥ የሚወጣበት መንገድ በዓለም ላይ እንደሌለ የፊዚክስ መምህራን ይመሰክራሉ። ከዚህም በላይ ዋት እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ መጠን በ3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል። በተራ ክፍል ውስጥ ሰው ተቀምጦ ዜማ ሲሰማ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዋት እምብዛም የሚበልጥ ኃይል አያወጣም። ስለዚህ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የሚሸጠው ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ፤ እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን እኛም ቤታችንን ዘግተን ወጣን። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ስንመለስ በሩ ክፍት ነበር፤ ቴሌቪዥኑ የለም፤ ቴፑ ከነድምፅ ማጉያዎቹ የለም። ካሴቶቹ ግን በወለሉ ላይ ተበትነው ቆዩን፤ በዚህ ዘመን ካሴት የሚመኝ ሰው የለምና። አንድ በአንድ አቧራቸውን እየጠረግን ስንሰበስባቸው፤ አክስታችን ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት አንዱን ነበር። እርሱም በ1978 ዓ.ም. ከድርቁ ዘመን በኋላ ዝናም በተመለሰ ጊዜ በቤተ ዘመድ ሠርግ ላይ የተቀዳው ነው። በዚያ ሠርግ ላይ ግጥሙን የሚያወርዱት አክስታችን ሲሆኑ፤ ከበሮውን የምትመታው ታናሽ እኅታቸው ነበረች። ታናሽዮዋ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ፎቶግራፍም የላትም። በዚያ ካሴት ላይ ካልተገኘች ሌላ ቦታ አትገኝም።

ነገር ግን አክስታችን ይህን ካሴት ባሰሙን ቁጥር አንድ ቅሬታ ነበረባቸው። «የእኔ ጩኸት ብቻ ይሰማል እንጂ የእርሷ እጅ አይሰማም» ይሉ ነበር። እውነትም በቀድሞው ቴፕ ላይ ከበሮው ጣት በጠረጴዛ ላይ ሲያንኳኳ የሚሰማውን ያህል ጠቅ ጠቅ ከማለት በቀር ሌላ ድምፅ አልነበረውም። ሁላችንም ካሴቱ በዕድሜ ብዛት ተበልቷል፤ ከበሮውም ጠፍቷል ብለን ተቀበልነው።

ቤታችንን እንደ ገና ስናደራጅ የእኅታችን ልጅ ከሱቅ የተሠራውን እንግዛ አለ። በውጭ አገር የሚኖር አንድ ዘመዳችን ግን «የተሠራውን ከምትገዙ የሚሠራውን ልላክላችሁ» ብሎ፤ ለበዓል ወደ አገሩ በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ጥቅል ላከልን። በውጭ አገር ሰዎች ይህን ኪት ይሉታል፤ ለሥራ የተሰናዳ የዕቃ ጥቅል ማለት ነው። በውስጡ ለወፍራም ድምፅ ሁለት ትላልቅ፤ ለቀጭን ድምፅ ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች፤ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፤ ካፓሲተር፤ ከመዳፍ የማይበልጥ የአምፕሊፋየር ሰሌዳና ሥዕል ያለበት ወረቀት ነበረ። እንጨት ግን አልነበረበትም። እንጨት ከባድ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ሠሪ ከአገሩ ይፈልግ ብለው ትተውታል። ስለዚህ ዋናው ነገር፤ ማለት ቤቱ፤ ለመርሳ ቀረ።

የዚህን የጥቅል ዕቃ ታሪክ ጥቂት ማውሳት ደስ ያሰኛል። በአሜሪካን አገር በሚሺጋን ግዛት ሂዝ የሚባል ኩባንያ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኩባንያው ባለቤት ከጦር ሠራዊት የተረፈውን የኤሌክትሪክ ዕቃ በርካሽ ገዝቶ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ መሣሪያ ሳይገጣጠም ከነመመሪያው ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሂዝኪት እየተባለ ራዲዮው፣ አምፕሊፋየሩና ድምፅ ማጉያው በብዙ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተገጣጠመ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን ሥራ እስካቆመ ድረስ ብዙ ወጣቶች የኤሌክትሪክን ትምህርት ከዚያ ጥቅል እንደ ተማሩ ይነገራል። ለጥፋት ተሠርቶ የነበረ ዕቃ ለትምህርት መዋሉን ባሰብን ጊዜ፤ ከጦርነት በኋላ ለሚነሣ ከተማ መልካም ምሳሌ ሆኖ ታየን።

ሥራውን ከመጀመራችን በፊት የእኅታችን ልጅ አንድ ፈተና አሳየን። ፈተናው በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊደረግ ይችላል። ድምፅ ማጉያውን ያለ ሣጥን፤ እንዳለ እርቃኑን በእጁ ይዞ ዜማ ቢያሰማበት ድምፁ ስስና ባዶ ሆነ። ቀጥሎ በአንድ ሰፊ ኮምፔንሳቶ ላይ ክብ ቀዳዳ ቀዶ ድምፅ ማጉያውን ከዚያ ላይ ቢያስጠጋው፤ በዚያው ቅጽበት ወፍራሙ ድምፅ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ መጥቶ ክፍሉን ሞላው። በኃይሉ ላይ የተጨመረ ነገር አልነበረም። እንጨት ብቻ ተጨመረ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ድምፅ ማጉያ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ለሊቃውንት ጉባኤ አስረድተዋል። በማግኔት መካከል ያለ የሽቦ ጥቅል በኤሌክትሪክ ኃይል ወዲያና ወዲህ ሲል፤ ከእርሱ ጋር የተጣበቀው ሾጣጣ ወረቀት አየሩን ይገፋል። ነገር ግን ወረቀቱ በፊቱ አየርን ሲገፋ በጀርባው አየርን ይስባል። ከፊት የተገፋው አየር በጠርዙ ዞሮ ከኋላ ያለውን ጉድለት ይሞላል፤ ስለዚህ ድምፁ ራሱን በራሱ ያጠፋል። ቀጭን ድምፅ ሞገዱ አጭር በመሆኑ ዞሮ ሳይመለስ ወደ ፊቱ ያመልጣል። የከበሮ ድምፅ ግን በሴኮንድ 70 ጊዜ የሚርገበገብ ቢሆን፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ያለው ረዥም ሞገድ በአንዲት ስንዝር ወረቀት ጠርዝ ዙሪያ ለመመለስ ምንም አይቸግረውም። እንግዲህ የሣጥኑ ተቀዳሚ ሥራ ድምፅን ማጉላት አይደለም፤ የፊቱንና የጀርባውን ድምፅ ለያይቶ እንዳይጣሉ ማስታረቅ ነው። ይህን በሰማን ጊዜ ስለ ካሴቱ አንድ አሳብ በልባችን ገባ፤ ግን ለአክስታችን አልነገርናቸውም።

ጥቅሉ ውስጥ ያለውን ወረቀት ይዘን በከተማችን ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሄድን። ወረቀቱ የሚያዘው እያንዳንዱ ሣጥን በውስጡ 15 ሊትር አየር እንዲይዝ ነው። አናጢው ሊትርን ለሣጥን መለኪያ ሆኖ ሰምተው ስለማያውቁ ሳቁ። ነገር ግን የቢጫው ጀሪካን ሦስት አራተኛ ማለት ነው ስንላቸው ወዲያው ገባቸው። የውስጡ ወርድ 20፣ ጥልቀቱ 25፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሦስቱ ሲባዙ 15,000፤ ማለት 15 ሊትር ይሆናል። ወረቀቱ የሚለው ሰሌዳ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ከእንጨት ዱቄት የተጨመቀ ነው። አናጢው ግን ለፊቱ ከሁለት ክረምት በላይ የደረቀ የዋንዛ ሳንቃ፤ ለቀረው ወፍራም ኮምፔንሳቶ መረጡ። «ጋሼ፤ ወረቀቱ እንዲህ አይልም እኮ» ቢላቸው የእኅታችን ልጅ፤ «ልጄ፤ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ዋንዛን ቢያውቀው ይጽፈው ነበር» ብለው መለሱለት።

ሽማግሌው ግን በአንድ ነገር ከወረቀቱ ይልቅ ጥብቅ ሆኑ። መገጣጠሚያውን ሁሉ በኮላ ከለበዱ በኋላ፤ ኮላውን ከሰጋቱራ ጋር ለውሰው ከውስጥ በኩል ማዕዘኖቹን ደፈኑ። በመካከሉም ጎንና ጎኑን የሚያያይዝ ወጋግራ አቆሙበት፤ የሣጥኑ ግድግዳ ራሱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ የራሱን ዘፈን ይዘፍናልና። ውስጡን በተፈለቀቀ ጥጥ ሞላነው፤ የጀርባው ድምፅ ከግድግዳው ነጥሮ እንዳይመለስ። የአናጢው ቃል እስካሁን በጆሯችን አለ፤ «ጎተራ እህል ሲያፈስ ይታያል፤ ይኸኛው ጎተራ ግን አየር ሲያፈስ አይታይም» አሉ። የማይታየውን ለማየት መላውን የሰጡን አክስታችን ናቸው። ዕጣን አጭሰው ጢሱን በየመገጣጠሚያው አቅራቢያ ያዙልን፤ እኛም በስልክ ወፍራም ድምፅ ለቀቅን። በአንዱ ማዕዘን ላይ ጢሱ ብርግግ ብሎ ተበተነ። ቀዳዳው ተገኘ፤ ተደፈነ።

በነገራችን ላይ ሣጥኑን ድፍን አድርጎ የመሥራትን ጥቅም እ.ኤ.አ. በ1954 ያስረዳው ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ነው። በትንሽ ሣጥን ውስጥ የታሸገው አየር ለወረቀቱ እንደ ሞላ ሆኖ እንዲያገለግለው አደረገ፤ በዚህም ሣጥኖች ከቁም ሣጥን መጠን ወርደው በመደርደሪያ ላይ ለመቀመጥ በቁ። ሌላም መንገድ አለ። አልበርት ቱራስ እ.ኤ.አ. በ1932 መብት ያገኘበት ብልሃት በሣጥኑ ላይ ቧንቧ በመክፈት የጀርባውን ድምፅ አዙሮ ለፊቱ ረዳት ማድረግ ነው። የጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ያለ ልጅ ሁሉ ይህን ምሥጢር ያውቀዋል። ለምሳሌ በ15 ሊትር ሣጥን ላይ የውስጥ ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ የውኃ ቧንቧ ቢገባ፤ ሣጥኑ በሴኮንድ 50 ጊዜ ገደማ በሚርገበገብ ድምፅ ያንጎራጉራል። የትኛው ድምፅ ማጉያ ለየትኛው ሣጥን እንደሚስማማ በስሌት የሚታወቅበትን መንገድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 በአውስትራሊያ ኔቪል ቲል፤ በኋላም ሪቻርድ ስሞል አሳይተዋል። ዛሬ ተማሪ በስልኩ የሚያሰላው በእነርሱ ድካም ነው።

ከእንጨቱ ሥራ ቀጥሎ የሽቦው ሥራ መጣ። ትንሹ ድምፅ ማጉያ ወፍራም ድምፅ ቢደርሰው ይቃጠላል፤ ትልቁም ቀጭኑን አጥርቶ አይናገርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ የሚያካፍል ደልዳይ ያስፈልጋል። የተጠመጠመው ሽቦ ወፍራሙን አሳልፎ ቀጭኑን ያግዳል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ ቀጭኑን አሳልፎ ወፍራሙን ያግዳል። ባለ 8 ኦም ድምፅ ማጉያ ላይ 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢቀጠል፤ ከ4,200 ሄርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ እየተቀነሰ ይሄዳል። የሽቦው አዎንታና አሉታ እንዳይዛነፍም በአንዲት ተራ የባትሪ ድንጋይ ፈተንን። የባትሪው አዎንታ ከድምፅ ማጉያው አዎንታ ጋር ሲነካካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንደኛው ወጥቶ ሌላኛው ቢገባ ሁለቱ ሣጥኖች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። የአምፕሊፋየሩ ሰሌዳ ከ12 እስከ 24 ቮልት የሚሠራ ስለ ሆነ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ በመኪና ባትሪ ለማስነሣት አላስቸገረንም። ለወራት በጨለማ ለቆየ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ክፍሉም አንድ ቃል እንጨምር። የሲሚንቶ ወለልና እርቃኑን የቆመ ግድግዳ ድምፅን እንደ ኳስ ያነጥራሉ። በመስኮቱ ወፍራም መጋረጃ፤ በወለሉ ምንጣፍ፤ በጎኑም በኩል ጋቢ ብንሰቅልበት የተዝረከረከው ቃል ተሰበሰበ። ሣጥኖቹን ከማዕዘን ጥቂት ብናርቃቸው ወፍራሙ ድምፅ ከመጉረምረም ተመለሰ። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላወጣንም። ቆርቆሮው በዝናም ጊዜ ለሚያሰማው ድምፅ ግን መድኃኒት አላገኘንለትም፤ ዝናሙ ሲመጣ ዝናሙን እንሰማለን።

ሥራው ባለቀበት ሳምንት የእኅታችን ልጅ ያለ አድልዎ እንፈተን ብሎ ከጎረቤት ያንን ባለ መብራቱን ዕቃ ተዋሰ። ሁለቱንም ከመጋረጃ በስተኋላ አስቀመጠ። ሰው ምንጊዜም የሚጮኸውን የተሻለ ስለሚመስለው፤ የሁለቱን መጠን በስልኩ ለክቶ እኩል አደረገ። ከወልድያ ጠጋኞች ያገኘነውን አሮጌ የካሴት ማጫወቻ ቀጠለ፤ የሠርጉንም ካሴት አገባ። የሰፈሩ ሴቶች ለቡና ተሰብስበው ነበር፤ የሚያፈሉትም አክስታችን ናቸው።

አቦሉ ሲጠጣ የመጀመሪያው ተሰማ። «ደኅና ነው፤ ይጮኻል» አሉ አክስታችን፤ ጀበናውንም ወደ እሳቱ መለሱ። ቶናው ሲቀዳ ሁለተኛው ተሰማ። አክስታችን ስኒ እየሞሉ ሳለ እጃቸው ቆመ። ከግጥሙ ሥር ሌላ ነገር ነበረ። ከበሮው ወፍሮ፣ ረግቶ፣ ከወለሉ የሚነሣ መስሎ ይመታ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው አዳመጡና፤ «ሦስተኛውን ምት ታዘገየዋለች» አሉ። «ሁልጊዜ ታዘገየው ነበር። ፍጠኚ ብላት አትሰማኝም ነበር።» ከዚያም በጣታቸው የረከቦቱን ጠርዝ ከከበሮው ጋር መምታት ጀመሩ፤ ሦስተኛውንም ምት እንደ እኅታቸው አዘገዩት። ከተቀመጡት ሴቶች የሚናገር አልነበረም። ካሴቱ ሲያልቅ «ልጆቼ፤ መልሱልኝ» አሉን። መለስንላቸው፤ በረካው እስኪጠጣም ሦስት ጊዜ ተሰማ።

እንግዲህ ከበሮው ከካሴቱ ላይ ጠፍቶ አልነበረም። ሠርጉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በዚያ ቀጭን ጥቁር ጥብጣብ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የሚያድርበት ቤት አጥቶ እንጂ። ይህን ባየን ጊዜ፤ ጠፉ ብለን ከተውናቸው ነገሮች መካከል ስንቶቹ እንዲሁ ማደሪያ ብቻ አጥተው ይሆን ብለን አሰብን። የሽማግሌዎች ቃል የሚያዳምጠው አጥቶ እንደ ሆነ፤ የወጣት ችሎታም የሚሠራበት ጠረጴዛ አጥቶ እንደ ሆነ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

ይህን ስንል የተሠራ ዕቃ የሚገዛውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ጊዜ የሌለው ሰው ይገዛል፤ ደግ ዕቃም በዓለም ላይ ሞልቷል። ስድስቱን ድምፅ ማጉያ አሟልቶ ሲኒማን በቤቱ ለማየት የሚሻም መብቱ ነው፤ እኛም ወደ ፊት ዐቅም ስናገኝ ሦስተኛውንና አራተኛውን እንጨምር ይሆናል። ነገር ግን በመሥራትና በመግዛት መካከል ያለውን ልዩነት አይተናል። የተገዛው ዕቃ ሲበላሽ ይጣላል፤ የተሠራው ዕቃ ሲበላሽ ይጠገናል፤ የሠራው ሰው የት ላይ ምን እንዳለ ያውቃልና። ያ ሽማግሌ አናጢም ከእኛ በኋላ ለሰፈር ልጆች ሌሎች ሣጥኖች ሠርተዋል፤ አሁን የሚጠይቁት «ስንት ሊትር?» ብለው ነው።

ለመምህራን የምናሳስበው አንድ ነገር አለን። ሞገድና ኤሌክትሪክ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ለተማሪ ይከብዳል፤ አንድ አሮጌ ድምፅ ማጉያና አንድ ቀዳዳ ያለው ኮምፔንሳቶ ግን በአምስት ደቂቃ ያስተምሩታል። የእንጨት ሥራ መምህሩና የኤሌክትሪክ መምህሩ አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ቢገናኙ፤ ከመካከላቸው የሚወጣው ሣጥን ለትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያገለግላል። ባለሥልጣኖችም ዕቃ ለመግዛት በጀት ሲመድቡ፤ ከዚያው ጥቂቱን ለሚሠሩት እጆች ቢያደርጉት ገንዘቡ በከተማው ውስጥ ይቀራል።

ለተማሪዎች ደግሞ የምንለው ይህ ነው። በየቤቱ ሣጥን ሥር የተጣሉ ካሴቶች አሉ። የሠርግ ዘፈን፣ መንዙማ፣ ሙሾ፣ የአያት ተረት የተቀዳባቸው ናቸው። የካሴት ጥብጣብ ዘለዓለም አይኖርም፤ ሙቀትና እርጥበት ቀስ በቀስ ይበሉታል። ካሴቱ ሳያልቅ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር ገልብጡት፤ ማን እንደ ዘፈነ፤ ማን እንደ መታ፤ በየትኛው ዓመትና በየትኛው መንደር እንደ ሆነ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉበት። ከዚያም ባለቤቶቹን ጥሩና፤ ድምፁ በሚገባው ሣጥን አሰሟቸው። ስሙን ካልነገሯችሁ ምቱን ይነግሯችኋል።